«እሺ» ከማለታችሁ በፊት፦ አሜሪካ ትምህርት ቤት ውስጥ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ ላላችሁ

«አባቱም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው።» ልጁ የዘገየበት ሐበሻ ወላጅ ይህችን ሳይሰማ አይውልም። አያት ከአዲስ አበባ በስልክ ትላለች፣ ጎረቤት ትላለች፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የተሰበሰበው ሁሉ ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን አባቱ መቼም አፉን ይፍታ፣ አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጃችሁን በነፃ የመመርመር፣ ችግር ከተገኘበትም በነፃ የመደገፍ ግዴታ አለበት። በመጠበቅ የሚጎዳው ልጁ ብቻ ነው።

ጠበቃ አይደለሁም። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራቸውን ወላጆች አጅቤ ትምህርት ቤት ስብሰባ የምገባ ሰው ነኝ፤ ደጋግሜ የማየውም አንድ ነገር ነው። ወላጁ ልጁን ከማንም በላይ ያውቃል፣ ጥያቄም አለው፣ ግን መምህራኑ ፊት ሲቀመጥ ይሉኝታ ይይዘውና «እሺ፣ እሺ፣ ታንክ ዩ» ብሎ ፈርሞ ይወጣል። መኪናው ውስጥ ገብቶ ነው «ቆይ፣ ምንድነው የፈረምኩት?» የሚለው። ሕጉ ስለ ልጁ የሚወስነውን ቡድን አባላት ሲዘረዝር ደግሞ መጀመሪያ የጻፈው ወላጅን ነው። ከርእሰ መምህሩም ከሳይኮሎጂስቱም በፊት።

የማነሳቸው የአካባቢ ምሳሌዎች ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ናቸው፣ ብዙዎቻችን እዚያ ስላለን። ዋናው ሕግ ግን የፌዴራል ስለሆነ ሲያትልም ሚኒሶታም ዳላስም ያላችሁ ተጠቀሙበት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሕጎቹ በአጭሩ

ዋናው «አይዲያ» የሚባለው ነው። በ1975 ወጣ፣ አሁን ያለውን ስሙን በ1990 አገኘ፣ በ2004 ደግሞ በሰፊው ተሻሻለ። ከ3 ዓመት እስከ 21 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፤ የላይኛው ዕድሜ ግን በየስቴቱ ትንሽ ይለያያል፣ መደበኛ ዲፕሎማ ሲያገኙም ያበቃል። 13 ዓይነት ችግሮችን ይዘረዝራል። ኦቲዝም፣ የንግግር ችግር፣ የማየትና የመስማት ጉዳት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ እንደ ዲስሌክሲያ ያለ የመማር ችግር አሉበት። ኤዲኤችዲም (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) «ሌላ የጤና ችግር» በሚለው ሥር ይገባል። በዚህ ሕግ የሚታቀፍ ልጅ «አይኢፒ» የሚባል የግል የትምህርት ዕቅድ ይወጣለታል።

ሁለተኛው «504» ነው፤ በ1973 የወጣ ሕግ አንቀጽ ነው። ልጁ የተለየ ትምህርት ባያስፈልገውም ችግሩ ከሌሎች እኩል እንዳይማር ካደረገው በዚህ ይታቀፋል። የስኳር በሽታ፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ከባድ የምግብ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ፣ ከፊት መቀመጥ፣ መርፌውን ነርሷ ጋ ማስቀመጥ፣ እነዚህ ሁሉ በ504 ዕቅድ ይጻፋሉ። ከአይኢፒ ቀለል ያለ ነው። ትምህርት ቤቱ «504 ይበቃዋል» ካላችሁ ለምን አይኢፒ እንደማያስፈልገው ጠይቁ፤ አንዳንዴ ትክክል ናቸው፣ አንዳንዴ ግን ለእነሱ የሚቀለው እሱ ስለሆነ ነው።

ልጃችሁ ገና 3 ዓመት ካልሞላው ትምህርት ቤት ሳይሆን «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» የሚባለው ክፍል ጋ ነው የምትደውሉት። ዲሲ «ስትሮንግ ስታርት» ይሉታል፣ ሜሪላንድ «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ»። ሐኪም እስኪልካችሁ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ራሳችሁ መደወል ትችላላችሁ፤ ምርመራው በነፃ ነው።

«በጀት የለንም፣ ሰው የለንም» የሚለው መልስ ደግሞ ከዱሮም ተሰምቶ ውድቅ የሆነ ነው። ያውም እዚሁ ዲሲ። ከፌዴራሉ ሕግ በፊት፣ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት የተባረሩባቸውና ጭራሽ ያልተቀበሏቸው ቤተሰቦች የዲሲን ትምህርት ቦርድ ከሰሱ፤ ሚልስ የሚባለው ክስ ነው። ቦርዱ ገንዘብ የለኝም አለ። ፍርድ ቤቱ ያለው ገንዘብ ካልበቃ እጥረቱ በእነዚህ ልጆች ላይ ብቻ ተለይቶ ሊወድቅ አይችልም ብሎ በ1972 ፈረደ። ስለዚህ «ስፒች ቴራፒስታችን (ንግግር የምታለማምደው ባለሙያ) ለቃለች» ሲሏችሁ ማዘን ይቻላል፣ ልጁ ግን አገልግሎቱን ማግኘት አለበት። ያለፈውም እንዲካካስለት ጠይቁ።

መጀመሪያ ደብዳቤ

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ምርመራ በመጠየቅ ነው። ልጁን በር ላይ ስታደርሱ ለመምህርቷ «እባክሽ እይልኝ» ማለት ጥሩ ነው፣ ግን ቀኑ አይቆጠርላችሁም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ። ኢሜይል ጻፉ፤ ለርእሰ መምህሩና የስፔሻል ኤዱኬሽን (የልዩ ድጋፍ ትምህርት) አስተባባሪው ለሆነው ሰው፣ ለሁለቱም። እንግሊዝኛው ቢሰባበር ማንም ነጥብ አይቀንስባችሁም። ይዘቱ እንዲህ ይሁን፦

«የ(የልጁ ሙሉ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ ክፍሉ) እናት ነኝ። ልጄ የአካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር ሊኖረው ይችላል ብዬ እጠረጥራለሁ። በአይዲያና በ504 መሠረት በሚጠረጠርባቸው ዘርፎች ሁሉ ሙሉ ምርመራ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ። ያሳሰበኝ ይህ ነው፦ ሁለተኛ ክፍል ሆኖ አሁንም ፊደሎቹን ያምታታል፤ ያነበበውን መልሶ መናገር ይቸግረዋል፤ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ያለቅሳል፤ መምህርቱም ማንበብ ላይ ወደኋላ መቅረቱን በጥቅምት ነግራኛለች። የምርመራውን የፈቃድ ቅጽ ላኩልኝ። ቋንቋዬ አማርኛ ነው፤ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ ሰነዶቹም በአማርኛ እንዲደርሱኝ እጠይቃለሁ።»

በቃ፣ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። «በሚጠረጠርባቸው ዘርፎች ሁሉ» የምትለዋን ግን አትዝለሏት፤ ካልተጻፈች ንባቡን ብቻ መርምረው ንግግሩን ሊተዉት ይችላሉ። የሐኪም ወረቀት ካላችሁ አያይዙ፣ ከሌላችሁም ጥያቄው ሙሉ ነው።

ከዚያ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። የፌዴራሉ ሕግ ፈቃዳችሁን ከፈረማችሁበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ይሰጣል፣ ስቴቶች ግን የራሳቸውን ማውጣት ይችላሉ። ሜሪላንድ ከፈቃዱ 60 ቀን፣ ከጽሑፍ ጥያቄው ደግሞ 90 ቀን ትላለች። ዲሲ ከፈቃዱ 60 ቀን ነው። ቨርጂኒያ ጥያቄው ከደረሳቸው ጀምሮ 65 የሥራ ቀን፤ ይህ ሲሰላ ሦስት ወር ገደማ ይሆናል፣ ስለዚህ ቨርጂኒያ ያላችሁ ቶሎ ጀምሩ። ስልካችሁ ካላንደር ላይ ቀኑን ምልክት አድርጉና ሲያልፍ ጻፉላቸው።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «እስኪ መጀመሪያ በትንንሽ ቡድን እንርዳውና እንየው» የሚል ነው። ይርዱት፣ ማን ጠላ። ግን እሱን ሰበብ አድርጎ ምርመራን ማዘግየት ወይም መከልከል እንደማይቻል የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት በ2011 ለስቴቶች በግልጽ ጽፏል። ሁለቱም ጎን ለጎን ይሂዱ በሏቸው።

እምቢ ካሉ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ፕራዮር ሪትን ኖቲስ ስጡኝ።» ይህ ትምህርት ቤቱ አንድን ነገር ሲከለክል ወይም ሲለውጥ ምክንያቱንና የተመሠረተበትን ማስረጃ ጽፎ እንዲሰጥ ሕግ የሚያስገድደው ወረቀት ነው። በአፍ «አይሆንም» ማለት ይቀላቸዋል። ምክንያቱን ጽፎ መፈረም ሲመጣ ግን ስንቱ «እስኪ እንደገና እንየው» ሲል አይቻለሁ። ወረቀቱ በቋንቋችሁ መሆን አለበት፣ ጨርሶ የማይቻል ካልሆነ በቀር።

የቋንቋው ነገር

ይሄ የእኛ ልጆች የሚወድቁበት ጉድጓድ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንደኛው፣ ልጁ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ ችግር አለበት ተብሎ ስፔሻል ኤዱኬሽን ውስጥ መክተት ነው፤ ሕጉ ይህን ይከለክላል። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። «ገና እንግሊዝኛ እየተማረ ስለሆነ ሁለት ዓመት እንጠብቅ» ይሏችኋል። ይሄም አይፈቀድም፤ ችግር ከተጠረጠረ የእንግሊዝኛ ትምህርቱ ምርመራውን አያስቆምም።

ምርመራው ልጁ የሚችለውን በትክክል በሚያሳይ ቋንቋ መሆን አለበት። አማርኛ የሚችል ሳይኮሎጂስት እንደ ልብ አይገኝም፣ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በአስተርጓሚ ነው የሚሠራው። ለመርማሪው ቤት ውስጥ ያለውን ንገሩት፦ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይሠራል ወይ? ተረት ሲነገረው ይከተላል? ታላቁ በዚህ ዕድሜ እንዴት ነበር? እውነተኛ የቋንቋ ችግር ያለበት ልጅ በሁለቱም ቋንቋ ነው የሚቸገረው። አማርኛው ፍጹም ሆኖ እንግሊዝኛው ብቻ የደከመ ልጅ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህንን ከእናንተ በቀር የሚነግራቸው የለም።

«ግራ ስለሚገባው አማርኛ አታናግሩት» የሚል ምክር ከሰጧችሁ ደግሞ በትሕትና እለፉት። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር አያመጣም። ኦቲዝም ያለበት ልጅም ቢሆን ሁለት ቋንቋ መልመድ ይችላል። ከአያቱ ጋር የሚግባባበትን ቋንቋ ለማንም ብላችሁ አትቀሙት።

ስብሰባው

ጠረጴዛው ላይ ስድስት ሰባት ሰው ይቀመጣል። የክፍል መምህር፣ የስፔሻል ኤዱኬሽን መምህር፣ የምርመራውን ውጤት የሚያብራራ ሰው፣ አንዳንዴ ስፒች ቴራፒስት። ከመሃላቸው አንዱ ትምህርት ቤቱን ወክሎ «ይህ አገልግሎት ይሰጠዋል» ብሎ ማጽደቅ የሚችል መሆን አለበት። መጀመሪያ ላይ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ስለ ገንዘብና ስለ ሰው ኃይል ጥያቄ ሲነሳ «እኔ አልወስንም» የሚባባሉ ከሆነ ያ ሰው ስብሰባው ላይ የለም ማለት ነው።

አስተርጓሚ የማቅረብ ኃላፊነት የትምህርት ቤቱ ነው፣ በነፃ። አይዲያ ይህን በግልጽ ይላል፤ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግም አለ፤ ዲሲ ውስጥ ደግሞ አማርኛ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ ከሚሸፍናቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቢያንስ ከሳምንት በፊት በኢሜይል ጠይቁ። ስትደርሱ አስተርጓሚ ከሌለ ወይም «ታላቅ እህቱ ታስተርጉም» ከተባለ ስብሰባው ይተላለፍ በሉ። የ12 ዓመት ልጅ ስለ ወንድሟ የአእምሮ እድገት ፈተና ውጤት ለእናቷ እንድትነግር ማድረግ ነውር ነው፣ እነሱም ያውቁታል። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ካመጡ ደግሞ ቀስ እንዲሉ፣ በየሁለት ዓረፍተ ነገሩም እንዲያቆሙ ጠይቁ። አስተርጓሚው ረጅሙን ንግግር «ደህና ነው እያሉ ነው» ብሎ ካሳጠረባችሁ፣ እጃችሁን አንሡና «እያንዳንዱን ንገረኝ» በሉት።

ሰው ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ጓደኛ፣ ዘመድ፣ ልጁን የሚያውቅ ማንም። የሚናገር ሰው ካጣችሁ ዝም ብሎ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ራሱ የስብሰባውን አየር ይቀይረዋል። ድምፅ ለመቅዳት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ በተለይ ሜሪላንድ ውስጥ ሁሉም ሳይስማማ መቅዳት ወንጀል ነው።

ሰነዶቹን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሜሪላንድና ዲሲ ስብሰባው ላይ የሚታየውን ከ5 የሥራ ቀን በፊት መላክ ግዴታ ነው። ሌላ ቦታም ብትሆኑ የልጃችሁን ፋይል ከስብሰባው በፊት የማየት መብት አላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ተጨማሪ ጥሩ ነገር አለ፦ ቋንቋችሁ በካውንቲው ከ1 ከመቶ በላይ ተማሪዎች የሚናገሩት ከሆነ ያለቀው አይኢፒ እንዲተረጎምላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ 30 ቀን አላቸው። አማርኛ በካውንቲያችሁ ይገባ እንደሆነ ጠይቁ። ባይገባም ጠይቁ፤ ዲስትሪክቱ (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) በራሱ ፈቃድ ሊተረጉም ይችላል።

አሁን ፊርማው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚፈረመው ብዙ ጊዜ «ተገኝቻለሁ» ለማለት ነው። እሱን ፈርሙ። ለአገልግሎቱ መስማማት ግን ሌላ ፊርማ ነው፤ ለምርመራው የሰጣችሁት ፈቃድም ለአገልግሎት አይሠራም። የመጀመሪያውን አይኢፒ ያለ እናንተ የጽሑፍ ፈቃድ ሊጀምሩት አይችሉም። በዚያው ቅጽበት ፈርሙ የሚል ሕግ የለም። «ቤት ወስጄ አነበዋለሁ» በሉ። ፊታቸው ቢኮሳተርም ምንም አይመጣም። በከፊል መስማማትም ይቻላል፤ ለምሳሌ ስፒቹ ይጀምር፣ የክፍል ለውጡን ግን አልተስማማሁም ብላችሁ እዚያው ላይ በእጃችሁ ጻፉበት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ዝምታችሁ እንደ ስምምነት ሊቆጠር የሚችልባቸው ስቴቶች አሉ፣ ስለዚህ ካልተስማማችሁ ዝም አትበሉ።

አይኢፒውን እንዴት ታነባላችሁ

20 እና 30 ገጽ ሊሆን ይችላል። ጊዜ ካጣችሁ ሁለት ቦታ ብቻ ተመልከቱ፦ ግቦቹንና የአገልግሎት ሰንጠረዡን።

ግብ ማለት ልጁ በዓመቱ መጨረሻ ምን እንደሚችል የሚለካ ዓረፍተ ነገር ነው። «ንባቡን ያሻሽላል» ግብ አይባልም። ማን ይለካዋል? ጥሩ ግብ እንዲህ ይመስላል፦ አሁን የሁለተኛ ክፍል ጽሑፍ ሲሰጠው በደቂቃ 40 ቃል ያነባል፤ በዓመቱ መጨረሻ ተመሳሳይ ጽሑፍ ሲሰጠው ከ5 ሙከራ በ4ቱ በደቂቃ 80 ቃል በትክክል ያነባል። አሁን ያለበት አለ፣ የሚደርስበት አለ፣ መለኪያው አለ። ባለፈው ዓመት የነበረው ግብ ዘንድሮም ቃል በቃል ተገልብጦ ከመጣ ወይ ልጁ አልተማረም ወይ ማንም አላስተማረውም፤ ጠይቁ።

ሰንጠረዡ ላይ ደግሞ የምትፈልጉት ቁጥር ነው። «ስፒች ቴራፒ፣ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 2 ጊዜ፣ በትንሽ ቡድን» የሚል ቢሆን ጥሩ። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ካያችሁ በቁጥር እንዲተካ ጠይቁ፣ ምክንያቱም አስፈላጊነቱን የሚወስነው ያን ቀን ጊዜ ያለው ሰው ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ የት እንደሚሰጥ ይጻፋል። ሕጉ ልጁ በተቻለ መጠን ከሌሎች ልጆች ጋር በመደበኛ ክፍል እንዲማር ያዛል፤ ተለይቶ የሚወጣው በድጋፍም ቢሆን እዚያ መማር ካልቻለ ብቻ ነው። የችግሩ ስም ተጠርቶ ብቻ ወደ ተለየ ክፍል አይላክም። አንዳንዱ ልጅ ግን ትንሹ ክፍል ውስጥ ነው የሚያብበው፣ ስለዚህ ክፍሉን ሄዳችሁ ሳታዩ አትወስኑ።

ምን ያህል እድገት ይበቃል ለሚለው ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2017 መልስ ሰጥቷል። ኮሎራዶ ውስጥ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ወላጆች ያቀረቡት ኤንድሩ ኤፍ የሚባል ክስ ነበር። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ፣ ዕቅዱ ከልጁ ሁኔታ አንጻር ተገቢ የሆነ እድገት እንዲያመጣ ታስቦ መዘጋጀት አለበት አሉ፤ ከምንም በጥቂቱ የሚሻል አይበቃም። ይህን ክስ ስብሰባ ላይ በስም ስትጠሩት ከወንበሩ ቀና የሚል ሰው ታያላችሁ።

ልጃችሁ ከፍ ያለ ክፍል ከሆነ ስለ ዲፕሎማ ጠይቁ። አንዳንድ ልጅ ገና አንደኛ ደረጃ እያለ አማራጭ ፈተና የሚወስድበት መስመር ላይ ይገባና መጨረሻው ዲፕሎማ ሳይሆን የማጠናቀቂያ ሰርተፍኬት ይሆናል። ለአንዳንዱ ልክ ነው። ግን ወላጁ 12ኛ ክፍል ላይ መስማት የለበትም። «አሁን ያለበት መስመር ወደ ዲፕሎማ ያደርሰዋል ወይ?» ብላችሁ በየዓመቱ ጠይቁ።

አይኢፒው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል፣ ምርመራው በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። እናንተ ግን በፈለጋችሁ ጊዜ ስብሰባ መጠየቅ ትችላላችሁ።

«መጥታችሁ ውሰዱት» የሚለው ስልክ

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ስልክ ይመጣል። ልጁ ተረብሿል፣ መጥታችሁ ውሰዱት። አባት ሥራውን ጥሎ ይሄዳል። በሳምንቱ ደግሞ ይደውላሉ። ማንም «ሰስፔንሽን» (ከትምህርት ማገድ) አላለም፣ ወረቀትም የለም፣ ልጁ ግን እየተባረረ ነው።

አይኢፒ ወይም 504 ያለው ልጅ በዓመት ውስጥ ከ10 የትምህርት ቀን በላይ በተከታታይ፣ ወይም ተደጋግሞ ልማድ በሚመስል መንገድ ሲባረር ትምህርት ቤቱ በ10 የትምህርት ቀን ውስጥ ስብሰባ ጠርቶ ጥፋቱ ከችግሩ የመጣ ነው ወይ የሚለውን መመርመር አለበት። ከችግሩ ከመጣ፣ ወይም አይኢፒውን ስላልፈጸሙ ከሆነ፣ ልጁ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፣ ለባህርዩም ዕቅድ ይወጣለታል። ትምህርት ቤቱ በራሱ ውሳኔ እስከ 45 የትምህርት ቀን ወደ ሌላ ቦታ ሊወስደው የሚችለው በጦር መሣሪያ፣ በአደንዛዥ ዕፅና ከባድ የአካል ጉዳት በማድረስ ብቻ ነው። እነዚያ የስልክ ጥሪዎች እንዲቆጠሩ ከፈለጋችሁ በእያንዳንዱ ቀን «ዛሬ በስንት ሰዓት ደውላችሁ ልጄን እንድወስድ ጠየቃችሁኝ፣ ይህ ሰስፔንሽን ነው ወይ?» ብላችሁ ኢሜይል ላኩ። ከሁለት ሦስት ኢሜይል በኋላ ስልኩ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ካልተስማማችሁ

በምርመራው ካልተስማማችሁ ውጭ ባለ ገለልተኛ ባለሙያ፣ በትምህርት ቤቱ ወጪ እንዲደገም መጠየቅ ትችላላችሁ። ትምህርት ቤቱ ሁለት ምርጫ ነው ያለው፦ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ምርመራዬ ትክክል ነው ብሎ ራሱ ሄዶ ይከራከራል። ለምን እንዳልተስማማችሁ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ እንድታስረዱ ማስገደድ ግን አይችሉም።

አይኢፒው ላይ የተጻፈው ካልተፈጸመ፣ ለምሳሌ ስፒቹ ለሦስት ወር ካልተሰጠ፣ እኔ የምወደው መንገድ «ስቴት ኮምፕሌንት» ነው። ለስቴቱ ትምህርት ቢሮ በጽሑፍ ይቀርባል፣ ጠበቃ አይፈልግም፣ ክፍያ የለውም፣ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል። ጥፋቱ ከተፈጸመ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት። በፈቃደኝነት የሚደረግ ሽምግልናም አለ፣ እሱም በነፃ ነው። አገራችን ሽማግሌ መቀመጥ የለመድን ሰዎች ስለሆንን አይከብደንም፤ ልዩነቱ እዚህ የተስማማችሁበት ይፈረማል፣ ፍርድ ቤትም ያስፈጽመዋል።

«ዱ ፕሮሰስ» የሚባለው እንደ ፍርድ ቤት ያለ ችሎት ነው። በአብዛኛው ቦታ ሁለት ዓመት ጊዜ አላችሁ። ከዚህ ላይ ጠበቃ ፈልጉ፤ ብታሸንፉ ፍርድ ቤቱ የጠበቃውን ክፍያ በትምህርት ቤቱ ላይ ሊጥል ይችላል። በ2005 ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ሜሪላንድ የመጣ ክስ ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የማስረዳት ሸክሙ በከሳሹ ላይ ነው ብሏል፤ የስቴት ሕግ ካልለወጠው በቀር እናንተ ከከሰሳችሁ የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። ለዚህ ነው ኢሜይል ኢሜይል እያልኩ የማደክማችሁ። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ በነበረበት ክፍልና አገልግሎት ይቆያል፣ ካልተስማማችሁ በቀር ሊያንቀሳቅሱት አይችሉም።

አድልዎ ከሆነ ወይም አስተርጓሚ ከተከለከላችሁ ለፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮም አቤት ይባላል፣ በ180 ቀን ውስጥ። ግን በ2025 ከ12 ክልላዊ ቢሮዎቹ 7ቱ ስለተዘጉ እሱን ብቻ ይዛችሁ አትጠብቁ።

ብቻችሁን አትሁኑ። በየስቴቱ በፌዴራል ገንዘብ የሚተዳደር የወላጆች ማዕከል አለ፣ ምክሩ በነፃ ነው። ሜሪላንድ «ፓረንትስ ፕሌስ»፣ ቨርጂኒያ «ፒያትክ»፣ ዲሲ «ኤጄኢ»፣ ሚኒሶታ «ፔሰር»፣ ዋሽንግተን ስቴት «ፔቭ» ይባላሉ። ስትደውሉ «አማርኛ» በሉ፣ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሰው የሚፈራቸው ነገሮች

«ወረቀት የለኝም።» ልጁ የመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብቱ ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር አይያያዝም፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1982 ፕላይለር በሚባለው ክስ ወስኗል። አይኢፒም የዚያው ትምህርት አካል ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ካልሰጣችሁ ብለው ልጁን አልመዘግብም ማለት አይችሉም።

«ስሙ ይበላሻል፣ ኮሌጅ አይገባም።» የስፔሻል ኤዱኬሽን ፋይል ምስጢር ነው። አይኢፒ ኖሯቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች ሞልተዋል። ማኅበሩ ውስጥ ማን ይሰማል የሚለውም ቢሆን የእናንተ ምርጫ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ለማንም አይናገርም። ጠበልም ጸሎትም የምትወስዱት ካላችሁ ውሰዱት፣ ከስፒች ቴራፒው ጋር አይጣላም።

«ከመምህሩ ጋር ከተጣላሁ ልጄን ይበቀሉታል።» መብቱን የጠየቀ ወላጅን ወይም ልጁን መበቀል ራሱ በሕግ የተከለከለ ነው። ደግሞም መጣላት አያስፈልግም። ኢሜይሉን «ስለ ድካማችሁ አመሰግናለሁ» ብላችሁ ጀምሩት፣ ከዚያ የምትፈልጉትን ጻፉ።

የግል ትምህርት ቤት፣ የሃይማኖቱንም ጨምሮ፣ የምታስተምሩ ከሆነ መብቱ በጣም ይቀንሳል፤ ምርመራውን ዲስትሪክቱ ያደርግላችኋል፣ ሙሉ አገልግሎት ግን አይጠበቅም። ቻርተር ትምህርት ቤት የመንግሥት ስለሆነ ግዴታው ያው ሙሉ ነው፣ «እኛ ይህን አንሰጥም» ቢሏችሁ አትቀበሉ።

ቤት ኪራይ ተወዶ ከዲሲ ወደ ሜሪላንድ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ካውንቲ የምንዛወር ብዙ ነን። አይኢፒው ይከተላችኋል። አዲሱ ትምህርት ቤት የራሱን እስኪያወጣ ድረስ ከቀድሞው ጋር የሚመጣጠን አገልግሎት ከመጀመሪያው ቀን መስጠት አለበት። ፋይሉ በቢሮ ተልኮ እስኪደርስ ግን ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ የመጨረሻውን አይኢፒና የምርመራ ሪፖርቱን ቅጂ ከክትባት ካርዱ ጋር በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ ልጁን ልታስመዘግቡ ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ፤ መዝጋቢዋ ኮፒ አድርጋ ዋናውን እንድትመልስላችሁም ጠይቁ።